ከተራራ ጫፍ ምድርን የለኩት ሊቅ፦ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ



በየዶርሙ ግድግዳ ላይ በእስክሪብቶ የተሳለች አንዲት ቀስት አትጠፋም። ማን እንደሳላት አናውቅም፤ ከእኛ በፊት በዚያ ክፍል የነበረ ወንድም ወይም የነበረች እህት ትሆናለች። ቀስቷ ወደ ቂብላ ታመለክታለች፣ እኛም አምነናት እንሰግዳለን። ከተጠራጠርንም ስልካችንን አውጥተን እናያለን፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ይህን እትም ስናዘጋጅ ግን አንድ ጥያቄ ያዘን። ስልክና ሳተላይት ባልነበረበት ዘመን፣ ከመካ የወራት መንገድ ርቆ የሚኖር ሰው ካዕባ በየት በኩል እንደሆነ በምን ያውቃል? በዓይኑ አያየው፣ ገመድ ዘርግቶ አይለካው። በእጁ ያለው እሱ የቆመባት ቦታ ላይ ሊለካ የሚችለው ብቻ ነው፦ የፀሐይ ከፍታ፣ የጥላ ርዝመት፣ ግርዶሽ የጀመረበት ሰዓት። ከእነዚህ ተነስቶ ወዳልታየው ነገር መድረስ አለበት።

ከሚታየው ውጤት ተነስቶ ወደ ተሰወረው መነሻ የመመለስን ሥራ እንደ አቡ ረይሓን ሙሐመድ ኢብን አሕመድ አል-ቢሩኒ (ረሒመሁላህ) አጥብቀው የያዙት ጥቂቶች ናቸው። በዚህ እትም የእሳቸውን ሕይወት ይዘን ቀርበናል።

አል-ቢሩኒ የተወለዱት በ362 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ973 በኸዋሪዝም ምድር ካት በምትባል ከተማ ነው። አካባቢው ዛሬ በኡዝቤኪስታን ውስጥ ይገኛል፤ በዚያ ያለች አንዲት ከተማም በስማቸው ተሰይማለች። በልጅነታቸው ያስተማሯቸው አቡ ነስር መንሱር ኢብን ዒራቅ የሒሳብ ሊቅና የገዢው ቤተሰብ አባል ነበሩ። ልጁ ቶሎ ነው የበሰለው። በ17 ዓመታቸው የቀትር ፀሐይን ከፍታ ለክተው ካት ከምድር ወገብ ምን ያህል ወደ ሰሜን እንደምትርቅ አስልተው ነበር። አብዛኞቻችን በዚያ ዕድሜ ለማትሪክ ፈተና እንጨነቅ ነበር።

በ995 በኸዋሪዝም የሥልጣን ጦርነት ተነሳና የአስተማሪያቸው ቤተሰብ ወደቀ። አል-ቢሩኒም ተሰደዱ። ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው ከአንዱ ገዢ ጥላ ወደ ሌላው ስትንከራተት ኖረች። ይሁንና በእነዚህ የመከራ ዓመታት መካከል፣ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳሉ፣ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ሠሩ።

የሁለት ከተሞች የኬክሮስ ልዩነት ከፀሐይ ከፍታ ይገኛል። ኬንትሮስ፣ ማለትም የምሥራቅና የምዕራብ ርቀት፣ ግን እንዲህ በቀላሉ አይያዝም፤ ፀሐይ ለሁሉም ከተማ በየተራዋ ቀትር ላይ ትደርሳለችና። ልዩነቱን ለማወቅ ሁለቱም ከተሞች በአንድ ቅጽበት የሚያዩት ምልክት ያስፈልጋል። የጨረቃ ግርዶሽ እንዲህ ያለ ምልክት ነው፤ ጨረቃ ወደ ምድር ጥላ ስትገባ የሚያያት ሁሉ በዚያው ቅጽበት ነው የሚያያት። ስለዚህ አል-ቢሩኒ በባግዳድ ከነበሩት ከታላቁ የሒሳብ ሊቅ ከአቡል ወፋ አል-ቡዝጃኒ ጋር ተስማሙ። በ997 ግንቦት ወር ግርዶሹ ሲሆን አንዳቸው በካት፣ ሌላው በባግዳድ ሆነው ሰዓቱን መዘገቡ። የሁለቱ መዝገብ ሲነጻጸር ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ሆነ። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ የምትዞር ስለሆነ የከተሞቹ ርቀት በዲግሪ ታወቀ። ዛሬ በካርታ ስንለካው 16 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ሁለቱ ሰዎች በሳምንታት የቅፍለት መንገድ ተለያይተው፣ በደብዳቤ ብቻ ተገናኝተው የሠሩት መሆኑን አስቡት። እኛ ለግሩፕ አሳይመንት አራት ሰው በአንድ ሰዓት ላይብረሪ ማገናኘት ያቅተናል።

እዚህ ላይ የሰውየውን አካሄድ ልብ እንበል። መጀመሪያ የሚጠይቁት ምን ልለካ ብለው አይደለም። ማወቅ የምፈልገው የተሰወረ ነገር፣ ሲለዋወጥ የትኛውን የሚታይ ነገር አብሮ ይለውጣል ብለው ነው የሚነሱት። መለኪያው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ይኸው አካሄድ በማዕድናት ላይ በሠሩት ሥራ ጎልቶ ይታያል። የወርቅ ጌጥ በእጃችን ቢገባ ንጹህ መሆኑን ሳንሰብረውና ሳናቀልጠው እንዴት እናውቃለን? አል-ቢሩኒ ለዚህ አንድ ዕቃ ሠሩ፤ ከታች ሰፊ፣ ወደ አንገቱ የሚጠብ፣ ከጎኑ ወደ ታች የታጠፈ ቀጭን ቱቦ ያለው። እስከ ቱቦው አፍ በውሃ ይሞላል፤ ማዕድኑ ሲገባ የማዕድኑን ይዘት ያህል ውሃ በቱቦው ይፈስሳል፤ የፈሰሰው ይመዘናል። አንገቱ የጠበበው በከንቱ አልነበረም። አፉ ሰፊ ቢሆን ትንሽ ማዕድን የሚያነሳው ውሃ በስፋቱ ላይ ተበትኖ ከፍታው አይታወቅም ነበር፤ በጠባብ አንገት ግን ትንሿም ነገር ትታያለች። ውሃው በቱቦው ላይ እየተጣበቀ ሲያስቸግራቸውም ቅርጹን እየለዋወጡ ደጋግመው ሞከሩ። በዚህ መንገድ ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ገደማ እንደሚከብድ አገኙ፤ ዛሬ በመማሪያ መጽሐፋችን ያለው ቁጥር 19.3 ነው።

በእኛ ቁጥር እናስላው። 100 ግራም ንጹህ ወርቅ 5.2 ግራም ያህል ውሃ ያፈስሳል፣ 100 ግራም ብር ደግሞ 9.5 ያህል። ጌጡ 7.35 ግራም ቢያፈስስ ወርቅና ብር ግማሽ በግማሽ ተቀላቅለዋል እንላለን። ግን ቀላቃዩ የተጠቀመው ብር ሳይሆን መዳብ ቢሆንስ? 64 ግራም ወርቅና 36 ግራም መዳብም ያንኑ 7.35 ግራም ገደማ ያፈስሳሉ። ውጤቱ አንድ፣ መነሻው ሁለት። ሚዛኑ አልዋሸም፤ እኛ ግን ከጠየቅነው በላይ እንዲመልስልን ጠብቀናል። ከምን ጋር እንደተቀላቀለ በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በቀለሙ፣ ካልታወቀ በቀር የአንድ ልኬት ውጤት ብቻውን አይበቃም። ኢንጂነሪንግና ኬሚስትሪ የምትማሩ ይህ ችግር ዛሬም ከእናንተ ጋር እንዳለ ታውቃላችሁ።

በ1017 የጋዝናው ሱልጣን መሕሙድ ኸዋሪዝምን ያዘና ሊቃውንቱን ወደ ዋና ከተማው ወሰዳቸው። አል-ቢሩኒም ዛሬ አፍጋኒስታን ወደምትባለው አገር በግድ ተወሰዱ። ዕድሜያቸው 44 ገደማ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1018 ጥቅምት ወር፣ በካቡል አቅራቢያ አንዲት መንደር ውስጥ እናገኛቸዋለን። መሣሪያ የላቸውም፣ ኑሮአቸውም ከባድ ነው። የመንደሯን ኬክሮስ ማወቅ ግን ፈለጉ። የሒሳብ መሥሪያ ሰሌዳ ገልብጠው በጀርባው ላይ በዲግሪ የተከፋፈለ ቅስት ሳሉ፣ ክር በክብደት አንጠልጥለው የፀሐይን ከፍታ ለኩ። ላብራቶሪያችን ዕቃ የለውም ብለን ስናማርር ይህችን ሰሌዳ ብናስታውሳት አይከፋም፤ ምንም እንኳን ማማረራችን ብዙ ጊዜ እውነትነት ቢኖረውም።

የቂብላው ጥያቄ ዋና ሥራቸው የሆነው በዚህ ዘመን ነው። የከተሞችን መገኛ ስለመወሰን የጻፉት ተሕዲድ የተባለ መጽሐፍ ወደ አንድ ግብ ይጓዛል፦ ጋዝና በምድር ላይ የት እንዳለች ማወቅና ከዚያም የቂብላዋን አቅጣጫ ማስላት። ከባግዳድ እስከ ጋዝና ያለውን የቅፍለት መንገድ ከከተማ ወደ ከተማ ተከተሉት። መንገድ ይጠማዘዛልና ርቀቱን በተመጣጠነ ልክ ቀነሱ፣ ከየከተማው ኬክሮስ ጋር አገናኙት። በአንድ መንገድ ብቻም አልተማመኑም፤ በሌላ መስመር ዞረው መጥተው ሁለቱ ውጤቶች ይስማሙ እንደሆነ አዩ። በባግዳድና በጋዝና መካከል ያገኙት ልዩነት 24 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የዛሬው ካርታም 24 ይላል።

አሁን ወደ ታዋቂው ተራራ እንምጣ። በዛሬዋ ፓኪስታን ፑንጃብ ውስጥ ናንዳና የሚባል ምሽግ አለ። አጠገቡ ያለው ተራራ ሰፊ ሜዳ ላይ ድንገት ብድግ ያለ ነው። አል-ቢሩኒ ቀደም ሲል የምድርን ስፋት በበረሃ ላይ በእግር እየለኩ ለማወቅ አስበው ነበር፤ ግን ረዳትና ገንዘብ ይፈልጋል፣ አልተሳካላቸውም። እዚህ ግን አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው የሚችል ነገር አዩ። መጀመሪያ ከሜዳው ሆነው የተራራውን ከፍታ በማዕዘን ለኩ፤ 652 ክንድ ገደማ ሆነ። ከዚያ ጫፉ ላይ ወጥተው ወደ አድማስ ተመለከቱ። ምድር ዝርግ ብትሆን አድማሱ ከዓይን ልክ ዝቅ ባላለ ነበር፤ ክብ ስለሆነች ግን ትንሽ ዝቅ ይላል። የዝቅታው ማዕዘን 34 ደቂቃ ሆነ፤ 60 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ነው። ከከፍታውና ከዚህች ማዕዘን በመነሳት የምድርን ራዲየስ አሰሉ። በምድር ዙሪያ ላይ አንድ ዲግሪ 56 የዐረብ ማይል ገደማ ሆኖ ወጣላቸው።

ይህ ታሪክ በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚዞር ምስል ጋር ነው የሚታወቀው፤ አል-ቢሩኒ ምድርን ከ99 በመቶ በላይ በትክክል ለኩ፣ ዘዴውንም የፈጠሩት እሳቸው ናቸው የሚል። እኛም ሳናጣራ አጋርተነዋል። ሁለቱም አባባል ግን መታረም አለበት። ዘዴውን በተመለከተ፣ ከእሳቸው በፊት በኸሊፋው አል-መእሙን ዘመን ሰነድ ኢብን ዐሊ እንደሞከረው የነገሩን ራሳቸው አል-ቢሩኒ ናቸው። ትክክለኛነቱ ደግሞ የክንዳቸው ርዝመት በሜትር ስንት ነው በሚለው ላይ ይንጠለጠላል፤ ክንዱን ረዘም ወይም አጠር ባደረግነው ቁጥር መቶኛው ይለወጣል።

ሌላም አለ። በዚህ ስሌት ራዲየሱ የሚገኘው ከፍታውን ለማዕዘኑ ስኩዌር በማካፈል ዓይነት ነው። ስለዚህ ማዕዘኑን በአንዲት ደቂቃ ብንሳሳት፣ 34 መሆኑ ቀርቶ 35 ብናነብ፣ የምድር ራዲየስ ወደ 6 በመቶ ይሳሳታል፤ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። በአድማስ አቅራቢያ ያለው አየር ብርሃንን የሚያጎብጠው ብቻውን ሁለት ደቂቃ ያህል ያዛባል። ትንሿ የንባብ ስሕተት ወደ ኋላ ስትመለስ ትገዝፋለች።

አል-ቢሩኒስ ምን አሉ? ውጤታቸውን የአል-መእሙን ሰዎች በበረሃ ላይ ለክተው ካገኙት 56 ማይልና ሁለት ሦስተኛ ጋር አነጻጸሩ። ተቀራርቦ ሲያገኙት ልባቸው ረጋ። ነገር ግን የነዚያ ሰዎች መሣሪያ የተሻለ፣ ድካማቸውም የበዛ ነበርና የእነሱን ቁጥር ከራሳቸው አስቀደሙ። በገዛ ተራራቸው ላይ፣ በገዛ ዘዴያቸው ያገኙትን! እኛ በላብ ሪፖርታችን መልሱን ከመጽሐፉ አይተን ንባቡን ወደዚያ ስንጎትት ከርመናል። እውነቱን እንናገር፤ ማርክ አግኝተንበታል። ስለ እኚህ ሰው ስንጽፍ ያፈርነው በዚህ ነው። ያ ምስል የሚያሳጣንም ይኸንኑ ነው፤ ቁጥሩን ሲያገዝፍ የሰውየውን አማና ይደብቃል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ እንለፈው። ሳንስክሪት ተምረው ስለ ሕንድ ሕዝብ እምነትና ዕውቀት በ1030 ገደማ ትልቅ መጽሐፍ ጻፉ፤ የሌላውን እምነት ለማውገዝ ሳይሆን ባለቤቶቹ እንደሚያምኑት አድርገው ለማቅረብ የደከሙበት ነው። ለሱልጣን መስዑድ በስሙ የተሰየመውን ታላቅ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ አበረከቱ። በእርጅናቸው፣ ዓይናቸውና ጆሯቸው እየደከመ፣ ስለ መድኃኒት ዕፅዋት ይጽፉ ነበር።

በጋዝና የሞቱት በ1048 ገደማ ነው። ስለ መጨረሻቸው ያቁት አል-ሐመዊ የዘገበው አለ። አንድ የፊቅህ ዓሊም ሊጠይቋቸው ሲገቡ ነፍሳቸው በጣር ላይ ነበረች። አል-ቢሩኒ እንግዳውን እንዳዩ ቀድሞ ተወያይተውበት የነበረውን አንድ የውርስ ጉዳይ አነሱ፤ ስለ አያቶች ድርሻ ነው፣ ስሌቱ እንዴት እንደነበር ጠየቁ። ዓሊሙ አዝነውላቸው በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው ስለዚህ ይጠይቃሉን አሏቸው። እሳቸውም ጉዳዩን አውቄው ከዱንያ ብሄድ ሳላውቀው ከምሄድ አይሻልም ወይ የሚል መልስ ሰጡ። ዓሊሙ አስረዷቸው፤ እሳቸውም ደግመው ያዙት። እንግዳው ተሰናብተው ወጡ። ገና መንገድ ላይ ሳሉ ከቤቱ የለቅሶ ድምፅ ሰሙ።