የጫማ ሠሪው ልጅ ጆርጅ ቡል

በዚህ ገጽ ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ጆርጅ ቡል በ1815 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፥ ሊንከን በምትባል ከተማ ከአንድ ጫማ ሠሪ ተወለደ። የአባቱ ሥራ ስለ ከሰረ ልጁ በ16 ዓመቱ ረዳት አስተማሪ ሆኖ ቤተሰቡን ይረዳ ጀመር። ከፍተኛውን ሒሳብ ያጠናው ብቻውን ነው። ዲግሪ ሳይኖረው በ1849 በአየርላንድ፥ በኮርክ ኮሌጅ የሒሳብ ፕሮፌሰር ለመሆን በቃ። ለዲግሪ የምንሯሯጥ እኛ ይህን ስናነብ ጥቂት ማፈራችን አይቀርም።

በ1854 ባሳተመው መጽሐፉ የሰውን አስተሳሰብ በአልጀብራ ጻፈው። እውነቱ 1፥ ሐሰቱ 0 ነው፤ «እና» ማባዛት፥ «አይደለም» ከ1 መቀነስ ነው። ዛሬ የተማሪዎችን መዝገብ በኮምፒዩተር ስንመረምር ብዙ ሁኔታዎችን የምናጣምረው በዚሁ ነው። ሁለተኛ ዓመት የሆነ፥ እና ከ80 በላይ ያገኘ ወይም ከገጠር የመጣ ይመረጥልን ብለን ያለ ቅንፍ ብንጽፍ፥ ማሽኑ «እና»ን አስቀድሞ ስለሚያስር የገጠሩን ልጅ አንደኛ ዓመትም ቢሆን ይሰበስበዋል። «ወይም»ን በቅንፍ ብናጥረው ግን ዓመቱ 0 ይሆናል፤ በ0 የተባዛም 0 ነውና ልጁ ይቀራል።

ክሎድ ሻነን ይህንኑ አልጀብራ በ1937 በኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ ላይ አዋለው። ቡል ይህን አላየም። በ1864 ዝናብ እየመታው ወደ ኮሌጁ በእግሩ ሄደና በረጠበ ልብሱ አስተማረ። ሳንባውን ታሞ ዲሴምበር 8 ቀን በ49 ዓመቱ ሞተ።