ሀቲ ማክዳንኤል፦ ተሸልማ ከግድግዳ ሥር የተቀመጠችው ተዋናይት

በበዓላት ሰሞን ብዙ ቤተሰቦቻችን አሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ሄደው፣ ከጥንቱ የከተማ ቅጥር አጠገብ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ባሕሩን እያዩ ይውላሉ። ምግቡ ከተነሣ በኋላ ትልልቆች ለልጆች ታሪክ ይነግራሉ። ለዚያ ጨዋታ የሚሆን የአንዲት ሴት ሕይወት ዛሬ ይዘንላችሁ ቀርበናል።

ሀቲ ማክዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1893 በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት፣ ዊቺታ ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ በባርነት ኖረው ነፃ የወጡ ሲሆኑ፣ አባቷ በእርስ በርሱ ጦርነት ከሰሜኑ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋግተዋል። ሀቲ ከ13 ልጆች የመጨረሻዋ ነበረች። ገና በልጅነቷ ዘፈንና ቲያትር ጀመረች፤ ሥራ ሲጠፋ ግን በሰው ቤት ገረድና ወጥ ቤት ሆና ሠርታለች።

በ1931 ሎስ አንጀለስ ገባች። በዚያን ዘመን በፊልም ለጥቁር ሴት የሚሰጠው ሚና ከገረድነት ብዙም አያልፍም ነበር። በ1939 በወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ፊልምም ማሚ የተባለችውን አገልጋይ ሆና ተጫወተች። ፊልሙ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር አትላንታ ሲመረቅ፣ የጆርጂያ ግዛት ሕግ ጥቁርና ነጭን የሚለያይ ስለነበር እሷ ከምረቃው ቀረች።

ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 የኦስካር ሽልማት በሎስ አንጀለስ አምባሳደር ሆቴል ተሰጠ። ሆቴሉ ጥቁር አያስተናግድም ነበርና፣ የገባችው የፊልሙ ፕሮዲዩሰር ዴቪድ ሴልዝኒክ ልዩ ፈቃድ ስለጠየቀላት ነው። የሥራ ባልደረቦቿ አንድ ላይ ሲቀመጡ፣ እሷ ግን ከግድግዳ ሥር ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ተቀመጠች። ስሟ ሲጠራ ከዚያ ተነሥታ አዳራሹን አቋርጣ ሄደች፤ በረዳት ተዋናይትነት ተሸልማ ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ሆነች።

ሽልማቱ ግን ኑሮዋን ብዙም አልለወጠም። የሚመጣላት ሚና ያው የገረድ ነበር። ከጥቁሮች መብት ተሟጋቾች አንዳንዶቹም ወገንን የሚያሳንስ ሚና ትቀበላለች ብለው ወቀሷት። ቤት ስትገዛ ደግሞ ነጭ ጎረቤቶች ለጥቁር አይሸጥም የሚል ውል ጠቅሰው ከሰሷት፤ ከሌሎች ጥቁር ባለቤቶች ጋር ተሟግታ በ1945 ረታች። ጎንደር ላይ ርስት ተነፍገው የሰው መሬት ያረሱ አባቶቻችን የዚህን ትርጉም ያውቁታል።

ሀቲ በ1952 በጡት ካንሰር አረፈች። በሆሊዉድ መካነ መቃብር እንድትቀበር ተናዝዛ ነበር፤ ጥቁር በመሆኗ ግን ተከለከለች፣ ሮዝዴል በተባለ ሌላ ስፍራ ተቀበረች። በተከለከለችበት ቦታ የመታሰቢያ ሐውልት የቆመላት በ1999 ነው። ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተወችው ሽልማትም ጠፍቶ ኖሮ፣ ምትኩ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው በ2023 ነው። ከእሷ በኋላ በትወና ኦስካር ያገኘችው ጥቁር ሴት ዉፒ ጎልድበርግ ስትሆን፣ ይህም የሆነው ከ51 ዓመት በኋላ፣ በ1991 ነበር።

ዛሬ የእኛም ልጆች በመድረክና በፊልም ይታያሉ። ሲሸለሙ እናጨብጭብላቸው፤ የትኛው ሚና እንደተሰጣቸውና የት እንዳስቀመጧቸው መጠየቅንም አንርሳ።