ያልሣቀው ሰው

ፍሬዴሪክ ዳግላስ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት በ1818 እ.ኤ.አ. ገደማ በባርነት ከምትኖር እናት ተወለደ። ማንበብን ተደብቆ ተምሮ በ1838 የመርከበኛ ልብስ ለብሶ ወደ ኒው ዮርክ አመለጠ፤ በ1847 በሮቸስተር ከተማ የራሱን ጋዜጣ አቋቋመ።

በዚያ ዘመን ነጭ ተዋናዮች ፊታቸውን ጥላሸት ተቀብተው፥ ጥቁሩን ሰው እንደ ቂል ሲስቅና ሲጨፍር ያሳዩ ነበር። በየጋዜጣው የሚወጣው ሥዕልም ከንፈሩን አሳብጦ፥ ጥርሱን አግጦ ያቀርበዋል። ሣቁ እንዲያው ለጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ የሚስቅ ባሪያ ምን ጎደለው ለማሰኘት ነው። ዳግላስ ነጭ ሠዓሊዎች ጥቁርን ሳያጋንኑ መሳል እንደማይሆንላቸው በ1849 በጋዜጣው ላይ ጻፈ።

ካሜራ ግን አያዳላም ብሎ አመነ። (እኔስ ከመጠን በላይ ያመነው ይመስለኛል፤ ለካሜራም የሚያዞረው ሰው አለው።) ስለዚህ ኮቱን ለብሶ፥ ክራቫቱን አስሮ፥ ፊቱን አኮሳትሮ ደጋግሞ ተነሣ። ዛሬ የሚታወቁት ፎቶግራፎቹ 160 ያህል ናቸው፤ ከፕሬዚዳንት ሊንከን ፎቶግራፎች ይበልጣሉ። ጥርሱ የሚታይበት የለም ማለት ይቻላል።

በ1895 በዋሺንግተን ሞተ። ጥላሸት የተቀባው ተዋናይ ግን ከእሱም በኋላ ለብዙ ዓመታት ከመድረክ አልወረደም።