መንታውን የለየ ሰው፤ ካርል አወር

በጌጃ ሰፈር ሱቆች ከሚሸጠው ላይተር መንኰራኵር ሥር አንዲት ጥቁር ጠጠር አለች። እርስዋን የፈለሰፈው ካርል አወር ፎን ቬልስባህ የተባለ ኦስትሪያዊ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አወር በ1858 በቪየና ተወለደ። አባቱ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ማተሚያ ቤት ዲሬክተር ነበሩ። ልጁ ግን ወደ ኬሚስትሪ አዘንብሎ ሃይደልበርግ ሄደ፤ ከሮበርት ቡንዘን ዘንድ ተምሮም በ1882 ዶክተር ሆነ።

ስዊድናዊው ሞሳንደር በ1841 ዲዲሚየም ያለው ነገር ነበረ፤ ትርጓሜው በግሪክኛ መንታ ማለት ነው። ብዙዎች እንደ አንድ ንጥረ ነገር ይቈጥሩት ነበር። አወር ጨዉን በውሃ አሟሙቶ ቀስ ብሎ ክሪስታል እንዲሠራ ተወው፤ ክሪስታሉን ከቀረው ውሃ ለየ፤ ሁለቱንም ለየብቻ እንደ ገና አሟሟ። የመሟሟታቸው ልዩነት እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ማጥራት ከንቱ ነው፤ ደጋግሞ ደጋግሞ ሠራው። በ1885 በአንድ ወገን አረንጓዴ፣ በሌላው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጨው ቀረለት። መንታው ራሱ መንታ ሆኖ ተገኘ! አንዱን ፕራሴዮዲሚየም፣ ሁለተኛውን ኒዮዲሚየም አላቸው።

ሀብት ያገኘው ግን በመብራት ነው። በጋዝ ነበልባል ላይ የሚደፋ የመረብ ቆብ ሠራ። የመጀመሪያው ተሰባሪና ብርሃኑም አረንጓዴ ስለ ነበረ ፋብሪካው በ1889 ተዘጋ። በ1891 ቆቡን ከመቶ 99 እጅ ቶሪየም፣ 1 እጅ ሴሪየም ቢያደርገው የአውሮፓ ጎዳናዎች በሩ። ቶሪየሙ ከሞናዛይት አሸዋ ሲወጣ ሌሎቹ ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች እንደ ጥራጊ ይከመሩ ነበር። አወር ክምሩን አልናቀም፤ በ1903 ሴሪየሙን ከብረት ጋር አቅልጦ የላይተሯን ጠጠር አገኘ። ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ይህ ይበልጣል። ዛሬም ተመራማሪዎች የድንጋይ ከሰል አመድን በአሲድ አሟሙተው እነዚሁኑ ይፈልጋሉ፤ በአንድ ቶን አመድ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ በመቶ የሚቈጠር ግራም ነው። ከአመዱ ወጥተውም እንኳ እርስ በርሳቸው ገና አልተለዩም፤ በክሪስታል ፈንታ በፈሳሽ ማሟሟያ፣ በብዙ ደረጃ መለያየት አለባቸው።

በ1907 አወር ይተርቢየምም ሁለት መሆኑን አሳየ፤ ፈረንሳዊው ኡርባንም በዚያው ዓመት ደረሰበት። በ1909 የአቶም ክብደት ኮሚሽን ለኡርባን ፈረደ፤ ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ ግን ራሱ ኡርባን ነበር! ኋላ ሲመረመር የጠራው ናሙና የአወር ሆኖ ተገኘ። አወር በነሐሴ ወር 1929 በካሪንቲያ በሚገኘው ቤቱ ሞተ። እርሱ ያወጣው ካሲዮፔየም የተባለው ስም በጀርመንኛ መጻሕፍት ከሞቱ በኋላም ብዙ ዓመት ቈየ።