ሊን ዘሹ እና የኦፒየም ሕግ

ሊን ዘሹ እ.ኤ.አ. በ1785 በቻይና ፉጂያን ግዛት ተወለደ። ሹመት ከያዘ በኋላ በግድብና በቦይ ሥራ ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። በ1839 ከእንግሊዝ ህንድ የሚገባውን የኦፒየም ኮንትሮባንድ እንዲያጠፋ ተልኮ ካንቶን ደረሰ። የዚያ ዓመት ሕግ አሻጋሪውን በሞት ይቀጣል፤ ሊንም የውጭ መርከብ ሁሉ ኦፒየም እንደማይጭን የጽሑፍ ግዴታ እንዲገባ አዘዘ።

ከነጋዴዎቹ ከ20,000 በላይ ሣጥን ተረከበ። ይህን ማጥፋት ራሱን የቻለ የምህንድስና ጥያቄ ነበር፤ ቢቃጠል ቅሪቱ መሬት ውስጥ ሰርጎ እንደገና ተቆፍሮ ይወጣልና። ስለዚህ ሁመን በተባለው ስፍራ ወለላቸው ድንጋይ፣ ግድግዳቸው ሳንቃ የሆነ ጉድጓዶች አስቆፈረ። ኦፒየሙ በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ኖራ ሲጨመርበት እየፈላ ሟሟ፤ ከዚያም ወደ ባሕር ተለቀቀ። ሥራው ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ።

የሕጉ ድካም ሌላ ነበር። ከድንበሩ ወዲህ ወንጀል የሆነው ነገር ከድንበሩ ወዲያ የመንግሥት ገቢ ነበር። ጦርነት ተነሣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ጥፋቱን በሊን ላይ ጥሎ ወደ ኢሊ አጋዘው። በመንገድ ሳለ ቢጫው ወንዝ ካይፈንግ አጠገብ ግድቡን ጥሶ ነበርና ለጥገናው ተጠራ። ሥራው ሲያልቅ ግን ግዞቱ አልቀረለትም፤ በኢሊም የመስኖ ቦይ አሠራ። በኋላ ምሕረት አግኝቶ በ1850 ሞተ። በ1858 ኦፒየም ቀረጥ ተቆርጦለት በቻይና ሕጋዊ ሸቀጥ ሆነ።