ጋማው ቀይ የሆነው ውርንጭላ ከየት መጣ?

ድንጉላውም ባዝራዋም ገላቸው ቡናማ፣ ጋማና ጭራቸው ጥቁር ነው። የተወለደው ውርንጭላ ግን ጋማውና ጭራው ሳይቀር ቀይ ሆኖ ቁጭ አለ። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የጎረቤቱን ድንጉላ ነው። አጥር ዘሎ ገብቶ ቢሆንስ? ለዚህ ጥርጣሬ መልስ ያስገኘልን ሰው ፈረስ አርቢ አልነበረም። አተር ሲቆጥር የኖረ መነኩሴ ነው።

ግሪጎር ሜንዴል በ1822 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምንላት አገር፣ በአንዲት የገበሬዎች መንደር ተወለደ። አባቱ በሥራ ላይ ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ ቤተሰቡ የትምህርቱን ወጪ መቻል አቃተው። ያኔ ታናሽ እህቱ ቴሬዚያ ለትዳሯ ከተቀመጠላት ድርሻ ቀንሳ ሰጠችው። በ1843 ብርኖ ከተማ ያለ ገዳም ገባ። እንጀራ ሳያሳስበው መማር የሚችልበት ቦታ እሱ ነበር።

የመምህርነት ፈተና በ1850 ወደቀ። በ1856 እንደገና ሞከረ፣ አሁንም አልሆነለትም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ወድቆ የተነሳ ጀግና" የሚል ምክር ይጀምራል። እኔ ግን ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ ዓይኔ ሂሳቡ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ማን ከፈለለት? እህቱ ከፈለች። ገዳሙም ከፈለ፤ ቪየና ዩኒቨርሲቲ ልኮ አስተማረው፣ አተር የሚዘራበት መሬትም ሰጠው።

ከ1856 ጀምሮ ለስምንት ዓመት ያህል 28 ሺህ ገደማ የአተር ተክል አበቀለ። ቢጫ ፍሬ ያለውን ከአረንጓዴው ሲያዳቅል ልጆቹ ሁሉ ቢጫ ሆኑ። እነሱን እርስ በርሳቸው ሲያራባ ግን አረንጓዴው ተመልሶ መጣ። ሜንዴል ዝም ብሎ አልተገረመም፣ ቆጠረ፤ 6,022 ቢጫ፣ 2,001 አረንጓዴ። ሦስት ለአንድ ማለት ነው። ከዚህ ተነስቶ እያንዳንዱ ልጅ ከእናትና ከአባቱ አንዳንድ መመሪያ እንደሚወስድ፣ አንደኛው ሌላውን ሊሸፍነው እንደሚችል፣ የተሸፈነው ግን እንደማይጠፋ ገባው።

በ1865 ውጤቱን በከተማው ማኅበር ፊት አቀረበ፤ በዓመቱ ታተመ። ልብ ያለው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1868 የገዳሙ አበምኔት ተደርጎ ተመረጠና ጊዜውን ከመንግሥት ጋር የተካረረው የግብር ክርክር በላው። የእህቱን ውለታ ግን አልረሳም፤ ልጆቿን አስተማረላት። በ1884 አረፈ። ሥራውን ዓለም ያወቀለት በ1900 ነው፣ ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ።

ፈረሶቹ ታሪኩ ውስጥ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ኸርስት የእሽቅድምድም ፈረሶችን የዘር መዝገብ አገላብጦ፣ ሁለት ቀይ ፈረሶች የሚወልዱት ቀይ ነው ሲል በ1906 ጻፈ። ራፋኤል ዌልደን የተባለ ሳይንቲስት ከዚያው መዝገብ ከሕጉ ያፈነገጡ ውርንጭላዎችን እያወጣ ተሟገተው። የተሳሳተው ሕጉ ነው ወይስ መዝገቡ? ዛሬ ዘረመሉ ራሱ ስለታወቀ መልሱ ግልጽ ነው፤ ኸርስት ትክክል ነበር። ከጋማ በተነቀለ ፀጉር ምርመራ ፈረሱ የቀዩን መመሪያ ደብቆ መያዙን ማወቅ ይቻላል።

እንግዲህ ወደ ጎረቤት ድንጉላ እንመለስ። ቡናማዎቹ ወላጆች ሁለቱም የቀዩን መመሪያ ደብቀው ከያዙ፣ ቀይ ውርንጭላ የመውለድ ዕድላቸው 25 በመቶ ነው። ስለዚህ ባዝራዋን መጠርጠር አያስፈልግም። ደግሞ ሦስቴ ቡናማ ስለወለደች አራተኛው የግድ ቀይ ይሆናል ማለት አይደለም፤ በእያንዳንዱ ወሊድ ዕጣው እንደ አዲስ ይወጣል።

ሁለት ቀይ ፈረሶች ቡናማ ውርንጭላ ከወለዱ ግን፣ ያኔ ሄዳችሁ አጥሩን እዩት።