ጆርጅ ፓፓኒኮላው

ጆርጅ ፓፓኒኮላው (1883 – 1962 እ.ኤ.አ.) በግሪክ አገር ተወልደው በአሜሪካ የሠሩ ሐኪምና የሕዋስ ተመራማሪ ነበሩ። የማኅጸን በር ካንሰርን በጅምሩ፣ እንዲያውም ካንሰር ከመሆኑ በፊት ለማግኘት የሚያስችለው የፓፕ ምርመራ የተሰየመው በስማቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕይወት ታሪክ

ፓፓኒኮላው የተወለዱት በኤቪያ ደሴት፣ በኪሚ ከተማ ነው። አባታቸውም ሐኪም ነበሩ። በ1904 ከአቴንስ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ፤ በ1910 በጀርመን አገር በሙኒክ በሥነ እንስሳት የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በዚያው ዓመት አንድሮማኪ ማቭሮዬኒን አገቡ። በባልካን ጦርነት በሐኪምነት ካገለገሉ በኋላ፣ በ1913 ከባለቤታቸው ጋር ወደ ኒው ዮርክ ተሰደዱ። በሙያቸው ሥራ እስኪያገኙ ድረስ እርሳቸው ምንጣፍ ሲሸጡ ባለቤታቸው በልብስ ላይ ቁልፍ ይተክሉ ነበር። በ1914 ፓፓኒኮላው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ ተቀጠሩ፤ ባለቤታቸውም ለብዙ ዓመታት በቤተ ሙከራው አብረዋቸው ሠሩ። በ1961 የካንሰር ተቋም ለመምራት ወደ ማያሚ ተዛወሩ፤ በ1962 በልብ ሕመም አረፉ።

ግኝቱ

ምርምራቸው የተጀመረው ጊኒ ፒግ በሚባሉ ትናንሽ እንስሳት ላይ ነበር። ከብልታቸው የተወሰደውን ፈሳሽ በመስታወት ላይ ቀብተው በማይክሮስኮፕ በማየት የእንስሳቱን የመራቢያ ዑደት ተከታተሉ። ይህንኑ ዘዴ በሴቶች ላይ ሲሞክሩ የመጀመሪያዋ ናሙና ሰጪ ባለቤታቸው ነበሩ። ከሌሎች ሴቶች በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ የካንሰር ሕዋሳት ማየት ቻሉ። ግኝቱን በ1928 በሚሺጋን በተደረገ ጉባኤ ቢያቀርቡም ብዙም ተቀባይነት አላገኘም። በ1927 ሩማንያዊው ሐኪም ኦሬል ባቤሽም ተመሳሳይ ዘዴ ለብቻቸው አቅርበው ነበር። ፓፓኒኮላው ከማኅጸን ሐኪሙ ኸርበርት ትራውት ጋር በ1941 ጥናት፣ በ1943 ደግሞ መጽሐፍ ካሳተሙ በኋላ ዘዴው እየተስፋፋ ሄደ።

በአገሮች የካንሰር ቁጥር ላይ ያመጣው ለውጥ

በአንዳንድ ካንሰሮች ቅድመ ምርመራ ሲስፋፋ የሚመዘገቡ አዳዲስ ታማሚዎች ቁጥር ከፍ ይላል፤ ቀድሞ ሳይታወቅ የሚቀረው ሕመም ስለሚገኝ ነው። የፓፕ ምርመራ ግን ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉ ሕዋሳትን ስለሚያሳይና እነዚህም ስለሚወገዱ፣ ከሟቾቹ ጋር የአዳዲስ ታማሚዎችም ቁጥር ይቀንሳል። በአሜሪካ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ባሉት 40 ዓመታት ውስጥ በማኅጸን በር ካንሰር የመሞት መጠን ከግማሽ በላይ ወርዷል።

የምርመራውን ጥቅም ጎልቶ ያሳየው የሰሜን አውሮፓ አገሮች ንጽጽር ነው። ሴቶችን በጥሪ እየመረመረች መላ አገሪቱን ባዳረሰችው አይስላንድ፣ ከ1965 እስከ 1982 ባለው ጊዜ የሞት መጠኑ በ80 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ በፊንላንድ በ50 በመቶ ቀነሰ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ጥቂት ሕዝብ ብቻ ባዳረሰባት ኖርዌይ ግን ቅነሳው 10 በመቶ ገደማ ነበር። ዘዴው በሁሉም ዘንድ የታወቀ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የተመረመሩት ሴቶች ብዛት ነው። ፓፓኒኮላው ይህን ውጤት ሳያዩ አርፈዋል።

የፓፕ ምርመራ ቤተ ሙከራና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ስለዚህ ኢትዮጵያን በመሳሰሉ አገሮች የማኅጸን በርን አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን መመርመር የተለመደ ሆኗል። በኢትዮጵያ የበሽታው መንስኤ የሆነውን ቫይረስ የሚከላከል ክትባት ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል።